አእምሮው የታመመ ሰው «እምቢ» ሲል ሐኪሙ ምን ያድርግ? ዳኛውስ ምን ይፍረድ?

በአገራችን አነጋገር «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። ይህ አባባል ሲሰሙት ጨካኝ ይመስላል፤ በውስጡ ግን አንድ ትልቅ አክብሮት አለ። ይኸውም ሰውን መምከር እንጂ አንገቱን ይዞ ማስገደድ አይገባም፤ የምርጫውንም ፍሬ የሚለቅመው እርሱ ራሱ ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ተረቱ ሳይናገር የያዘው አንድ ነገር አለ፤ የሚመከረው ሰው ምክሩን ሰምቶ ሊያመዛዝን የሚችል መሆኑን ነው። አእምሮው በሕመም፣ በእርጅና፣ በአደጋ፣ ወይም ከልደቱ ጀምሮ ባለበት ጉድለት ምክንያት ነገሩን ለማገናዘብ የማይችል ሰው «አልታከምም» ያለ እንደ ሆነስ? መከራ ይምከረው ብለን እንተወዋለን? ወይስ ለነፍሱ ስንል እጁን ይዘን እናክመዋለን?

ጥያቄው ለሕግ ተማሪዎች ብቻ የሚቀርብ የቃል ጨዋታ አይደለም። ከመካከላችን ነገ ሐኪም፣ ነገ ዳኛ የሚሆን አለ። ከሁላችንም መካከል ደግሞ እናቱ ወይም አባቱ በእርጅና ምክንያት የልጆቻቸውን ስም እስኪረሱ ድረስ የሚደክሙበት ሰው አይጠፋም። በዚያን ጊዜ በአልጋው ዙሪያ የቆሙት ሁሉ «ምን እናድርግ?» ብለው ይጠያየቃሉ። በሁለቱም በኩል ያለው ስሕተት ከባድ ነው። በአንዱ በኩል ሊድን የሚችል ሰው ያለ ረዳት ይሞታል። በሌላው በኩል ደግሞ ሰው ሳይወድ አካሉ ይቈረጣል፤ ያውም «ለአንተ ስንል ነው» እየተባለ።

ይህን ነገር በብዙ ፍርድ መርምረው መንገድ ካበጁለት አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝና የዌልስ ፍርድ ቤቶች የወሰኑትን ጥቂት ነገር እንመለከታለን፤ ስኮትላንድ የራስዋ ሕግ ያላት ስለ ሆነች በዚህ ውስጥ አትገባም። በመጨረሻም ወደ ራሳችን የፍትሐ ብሔር ሕግ እንመለሳለን። የእንግሊዝን ነገር የምንጽፍባቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ማንም ሊፈቅድለት የማይችል ሰው

በእንግሊዝ ሕግ መሠረቱ ይህ ነው። የማንኛውንም ሰው ገላ ያለ ፈቃዱ መንካት በደል ነው። ሐኪም ቢሆንም፣ አሳቡ ቅን ቢሆንም፣ ሥራውም ቢሳካለት፣ ችሎታ ያለው ዐዋቂ ሰው እምቢ ካለ ቢላዋውን ማኖር አለበት። እምቢታው ሞትን የሚያመጣ ቢሆንም እንኳ ሕጉ አይለወጥም። ምክንያቱን ማስረዳትም ግዴታ የለበትም፤ ያለ ምክንያትም እምቢ ማለት ይችላል።

እንግዲህ ሕክምናን ሕጋዊ የሚያደርገው የበሽተኛው ፈቃድ ከሆነ፣ መፍቀድ ለማይችለው ሰው ማን ይፈቅድለታል? ለሕፃን ወላጆቹ ይፈቅዱለታል። ለዐዋቂው በጥንት ዘመን ይህ ሥልጣን የንጉሥ ነበር፤ ንጉሡ ራሳቸውን መጠበቅ ለማይችሉ ሁሉ እንደ አባት ይቈጠር ነበርና። ነገር ግን በ1959 የወጣው የአእምሮ ጤና ሕግ በሥራ ላይ በዋለ ጊዜ ይህ የንጉሥ ሥልጣን ለዐዋቂዎች ቀረ። በስፍራው የሚተካ ነገር መጉደሉን ለብዙ ዓመት ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

ጉድለቱ ፈጥጦ የወጣው በ1989 ነው። በፍርዱ መዝገብ «ኤፍ» ተብላ የተጠራች የ36 ዓመት ሴት በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ትኖር ነበር። አእምሮዋ ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት ልጅ አእምሮ አልበለጠም ተባለ። እዚያው ከሚኖር አንድ በሽተኛ ጋር ግንኙነት ጀምራ ስለ ነበር፣ ብታረግዝ እርግዝናውም ሆነ ምጡ ምን እንደ ሆነ ሳታውቀው መከራ ታያለች ብለው እናትዋና ሐኪሞቹ ማኅፀንዋ እንዳይወልድ በቀዶ ጥገና ይደረግ ዘንድ ፍርድ ቤት ጠየቁ። ነገሩ እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ደረሰ። ሎርዶቹም በሕጉ ውስጥ ማንም ሰው፣ እናትም ብትሆን፣ ፍርድ ቤትም ቢሆን፣ በእርስዋ ስም «ፈቅጃለሁ» ለማለት ሥልጣን የሌለው መሆኑን ተናገሩ። ይህ ከሆነ ግን ችሎታ የሌለው በሽተኛ ጥርሱ እንኳ ቢታመም የሚያክመው አይገኝም። ስለዚህ ሎርዶቹ ወደ ሌላ መሠረት ሄዱ፤ ያም «የግድ አስፈላጊነት» የሚባለው ነው። በሽተኛው መፍቀድ የማይችል እንደ ሆነ፣ ሐኪም ለእርሱ የሚበጀውን ቢሠራ በደለኛ አይሆንም አሉ። ቀዶ ጥገናውንም ፈቀዱ።

በዚህ ፍርድ አንድ በር ተከፈተ፤ ሌላ አደጋም ገባ። የሚበጀው ምን እንደ ሆነ የሚለካው በምን ነበር? ብቃት ያላቸው ሐኪሞች ትክክል ነው የሚሉት ከሆነ ይበቃል ተባለ። የሴቲቱ የገዛ ፍላጎት በሚዛኑ ላይ እምብዛም ስፍራ አልነበረውም። የሚቀጥሉት 25 ዓመታት ታሪክ ይህ ሚዛን ከሐኪሙ እጅ ቀስ በቀስ ወደ በሽተኛው እንዴት እንደ ተመለሰ የሚያሳይ ነው።

ታላቅ ሐኪም ነኝ ያለው እስረኛ

በ1993 «ሲ» ተብሎ የተጠራ የ68 ዓመት ሰው ብሮድሙር በሚባለው፣ ወንጀል የሠሩ የአእምሮ ሕሙማን በሚጠበቁበት ሆስፒታል ነበረ። በሽታው ስኪዞፍሬኒያ ነው። ይህ ሰው በዓለም የታወቅሁ ታላቅ ሐኪም ነበርሁ ብሎ ያምናል። ከዕለታት አንድ ቀን እግሩ ቈስሎ ጋንግሪን ገባበት። የቀዶ ጥገናው ሐኪም ከጉልበት በታች ካልተቈረጠ በሕይወት የመትረፍ ዕድልህ ከመቶ 15 ያህል ብቻ ነው አለው። ሰውዬው ግን አንድ እግር ይዤ ከምኖር ሁለት እግር ይዤ ብሞት ይሻለኛል ብሎ መለሰ።

ሐኪሞቹ በሌላ መንገድ አከሙትና ሞት ለጊዜው ራቀ። ነገር ግን ወደ ፊት ያለ ፈቃድህ አንቈርጥም ብለው ቃል ሊሰጡት ስላልፈለጉ ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛው ቶርፕ የጠየቁት ጥያቄ «ይህ ሰው እብድ ነው ወይስ ጤነኛ?» የሚል አልነበረም። በሽታው የታወቀ ነገር ነበር። የጠየቁት ይህን ነው፤ ስለ እግሩ የተነገረውን ተረድቶ መያዝ ይችላልን? የተነገረውንስ ያምናልን? ጥቅሙንና ጉዳቱን አመዛዝኖ አንዱን መምረጥ ይችላልን? ሰውዬው ሐኪም ነበርሁ ብሎ ቢያልምም ስለ እግሩ የተነገረውን ሁሉ በሚገባ ተረድቶ ነበር። ዳኛውም ችሎታ አለው፤ ያለ ጽሑፍ ፈቃዱ እግሩ አይቈረጥ ብለው ፈረዱ።

የዚህ ፍርድ ትምህርት እነሆ። ችሎታ እንደ ኮት በአንድ ጊዜ የሚለበስ ወይም የሚወልቅ ነገር አይደለም። ሰው በአንዱ ነገር ተሳስቶ በሌላው ትክክል ሊያስብ ይችላል። የበሽታው ስም ብቻውን «አንተ አታውቅም» ለማለት አይበቃም።

የተቃራኒውም ምሳሌ አለ። በ1997 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሌሊት ተሰብስቦ የአንዲትን ነፍሰ ጡር ነገር ሰማ። ሕፃኑ በእግሩ በኩል ስለ መጣ በቀዶ ጥገና መውለድን ወድዳ ፈቅዳ ነበር። ነገር ግን መርፌ ባየች ቍጥር ድንጋጤ ይይዛትና እምቢ ትላለች። አእምሮዋ የታመመ ሴት አይደለችም። ዳኞቹ ግን ፍርሃቱ በዚያች ሰዓት ሌላውን አሳብ ሁሉ ስለሚያጠፋባት ለጊዜው ችሎታ የላትም፤ እርስዋም ራስዋ ልጅዋ በደኅና እንዲወለድ ትፈልጋለችና ሐኪሞቹ ቢረዱዋት በደል አይሆንም አሉ። በማግሥቱም ጤነኛ ልጅ ተወለደ።

ይህ ፍርድ ነፍሰ ጡሮችን ሁሉ ለማስገደድ ፈቃድ የሰጠ የመሰለው ሰው ቢኖር፣ ወዲያው በ1998 ሌላ ፍርድ አረመው። አንዲት የ36 ሳምንት እርጉዝ ሴት ደምዋ ከፍ ብሎ ሕይወትዋ አደጋ ላይ ሳለ ሕክምና አልፈልግም አለች። በአእምሮ ጤና ሕግ አስይዘው፣ እርስዋ ሳትሰማ የዳኛ ትእዛዝ አውጥተው፣ በቀዶ ጥገና አዋለዱዋት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን የተደረገው ሁሉ ከሕግ ውጭ ነው አለ። አሳብዋ ለሌላው ሰው እንግዳ መሆኑ ብቻ የአእምሮ በሽተኛ አያሰኛትም፤ ችሎታ እስካላት ድረስ እርጉዝ መሆንዋም መብትዋን አይቀንሰውም ተባለ።

የ2005 ሕግና አምስቱ መሠረቶች

እነዚህ ፍርዶች በየመዝገቡ ተበታትነው ሲኖሩ ቈይተው በ2005 የአእምሮ ችሎታ ሕግ ተብሎ በሚጠራው ሕግ ተሰበሰቡ። ሕጉ በ2007 በሥራ ላይ ዋለ። በመግቢያው ላይ አምስት መሠረቶች ተጽፈዋል።

አንደኛ፤ ማንኛውም ዐዋቂ ሰው ችሎታ እንደሌለው እስኪረጋገጥ ድረስ ችሎታ እንዳለው ይቈጠራል። ሁለተኛ፤ እንዲረዳውና እንዲወስን ለማገዝ የሚቻለው ሁሉ ሳይደረግ ችሎታ የለውም አይባልም። ሦስተኛ፤ ያደረገው ምርጫ የሞኝ ምርጫ ስለ ሆነ ብቻ ችሎታ የለውም አይባልም። አራተኛ፤ ችሎታ ለሌለው ሰው የሚደረግለት ሁሉ ለእርሱ የሚበጀው መሆን አለበት። አምስተኛ፤ ያንኑ ጥቅም ነጻነቱን በማይነካ ወይም ባነሰ በሚነካ መንገድ ለማግኘት ይቻል እንደ ሆነ አስቀድሞ ይመረመራል።

መመዘኛውም ግልጽ ነው። አእምሮው ወይም አንጎሉ በሚገባ ባለመሥራቱ ምክንያት፣ ለውሳኔው የሚያስፈልገውን ነገር ለመረዳት፣ ወይም ለመያዝ፣ ወይም ለማመዛዘን፣ ወይም ውሳኔውን በንግግር፣ በምልክት፣ በማናቸውም መንገድ ለመግለጽ ያልቻለ ሰው፣ በዚያ ነገር በዚያ ጊዜ ችሎታ የለውም። «በዚያ ነገር በዚያ ጊዜ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ጠዋት ያልቻለው ሰው ከሰዓት በኋላ ሊችል ይችላል። ውሳኔው ሊቈይ የሚችል እንደ ሆነ ደግሞ ይጠበቃል።

ሕጉ ሰው ገና በጤናው ሳለ ለክፉ ቀን እንዲያዘጋጅ ሁለት መንገድ ከፍቶለታል። አንደኛው የሚያምነውን ሰው ወክሎ ስለ ሕክምናው እንዲወስንለት ማድረግ ነው። ሁለተኛው የማይፈልገውን ሕክምና አስቀድሞ እምቢ ማለት ነው። እምቢታው ሕይወትን የሚያቈየውን ሕክምና የሚነካ ከሆነ ግን በጽሑፍ ሆኖ፣ ፊርማና ምስክር ይዞ፣ ሕይወቴ አደጋ ላይ ቢወድቅም እንኳ የሚል ቃል ሊኖርበት ይገባል። ከሁለቱ አንዱ ያልተደረገ እንደ ሆነና ክርክር የተነሣ እንደ ሆነ ነገሩ የጥበቃ ፍርድ ቤት ተብሎ ወደሚጠራው ችሎት ይሄዳል። በዚያም ለበሽተኛው የሚቆም ሰው ይመደብለታል። ብዙ ጊዜ ይህ ኦፊሻል ሶሊሲተር የሚባለው የመንግሥት ጠበቃ ነው።

የሚበጀው ምን እንደ ሆነ በማን ዓይን ይታይ?

ከሁሉ የሚከብደው ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ ነው። ሰውዬው ችሎታ የለውም ተባለ እንበል። ታዲያ የሚበጀውን የምንፈልገው በሐኪሙ ዓይን ነውን? በቤተ ዘመዱ ዓይን ነውን? ወይስ በራሱ ዓይን?

በ2013 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መልስ ሰጠ። ነገሩ ዴቪድ ጄምስ ስለሚባል ሙዚቀኛ ነው። በ2012 ሆስፒታል ገብቶ በበሽታ ላይ በሽታ ተደራረበበት፤ በመተንፈሻ መሣሪያም ይኖር ጀመር። የመወሰን ችሎታውም ጠፋ። ሐኪሞቹ ልቡ ቢቆም በደረቱ ላይ ተጭነን ለመመለስ አንሞክርም፤ ኩላሊቱ ቢደክም ደሙን በመሣሪያ አናጣራም፤ የሚያሠቃይና የማይፈይድ ነው ብለው ፍርድ ቤቱን ጠየቁ። ባለቤቱና ልጆቹ ግን እኛ በገባን ቍጥር ደስ ይለዋል፤ ለመኖር የሚታገል ሰው ነው አሉ። የመጀመሪያው ዳኛ ፒተር ጃክሰን የሐኪሞቹን ጥያቄ አልተቀበሉም። ይግባኝ ሰሚው ግን ሕመሙ ከዚያ በኋላ ስለ ከፋ ለሐኪሞቹ ፈረደ። ሰውዬውም በዚያው ዓመት በመጨረሻው ቀን ሞተ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኝ ሰሚው የደረሰበት ውሳኔ በዚያን ጊዜ ከነበረው ሕመም አንጻር ትክክል ነው ቢልም፣ አስተሳሰቡን ግን አረመ። ፍርዱን የጻፉት እመቤት ሄል እንዳስረዱት፣ አንድ ሕክምና «አይፈይድም» የሚባለው በሽታውን ከሥሩ ስለማይነቅል አይደለም፤ ለበሽተኛው ምንም ጥቅም የማይሰጥ ሲሆን ነው። ከልጆቹ ጋር ጥቂት ሳምንት መቀመጥም ለአንዳንዱ ሰው ትልቅ ጥቅም ነው። መለኪያውም አንድ አስተዋይ ሰው በዚህ ሁኔታ ምን ይፈልግ ነበር የሚል አይደለም፤ ይህ ሰው ራሱ ምን ይፈልግ ነበር፣ ምን ያምን ነበር፣ ምንስ ያከብር ነበር የሚል ነው። የበሽተኛው ፍላጎት ግን ሐኪምን በግድ ለማዘዝ አያገለግልም፤ ሐኪሙ አይገባም ያለውን ሕክምና ስጥ ብሎ ፍርድ ቤት አያስገድደውም።

ይህ መለኪያ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል እንዳይመስለን፣ ያው ዳኛ ፒተር ጃክሰን የፈረዱአቸውን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አድርገን እንያቸው።

የመጀመሪያው በ2012 የተፈረደ ነው። የ32 ዓመት ወጣት ሴት ናት፤ ቀድሞ የሕክምና ተማሪ ነበረች፤ ብልህነትዋን ማንም አልካደም። አኖሬክሲያ በሚባለው በሽታ ምክንያት ምግብ ትታ ለሞት ቀርባ ነበር። እንድትተው ትለምን ነበር፤ ለዓመታት ሲያስታምሙ የደከሙት ወላጆችዋም አሳብዋ እንዲከበርላት ይሹ ነበር። አስቀድማ እምቢታዋን በጽሑፍ አኑራ ነበር፤ ዳኛው ግን ስትጽፈውም ችሎታ አልነበራትም ብለው አልተቀበሉትም። በሽታው ራሱ ስለ ምግብ የምታመዛዝንበትን ኀይል ወስዶባታል፤ ገናም ልትድን ትችላለችና ያለ ፈቃድዋ በቱቦ ትመገብ ብለው ፈረዱ። ሚዛኑ በጣም የተቀራረበ መሆኑን አልደበቁም።

ሁለተኛው በ2015 የተፈረደ ነው። የ73 ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ የአእምሮ በሽተኛ ነው። የመላእክትንና የእመቤታችንን ድምፅ ይሰማል፤ መድኃኒቱንም የሚወስደው ወይም የሚተወው እነርሱ እንደ ነገሩት ነው። በስኳር በሽታ ምክንያት እግሩ መረቀዘ። ካልተቈረጠ ይሞታል ተባለ። እርሱም አልቈረጥም፤ ሞትንም አልፈራም አለ። ከ22 ዓመት በፊት እንደ ነበረው እንደ ብሮድሙሩ ሰው ግን አይደለም። ይህኛው ስለ እግሩ የተነገረውን ማመዛዘን አልቻለም፤ ስለዚህ ችሎታ የለውም ተባለ። በአሮጌው አስተሳሰብ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ችሎታ የለውም፣ ቀዶ ጥገናው ያድነዋል፣ ይቈረጥ ነው።

ዳኛው ግን ከወንበራቸው ተነሥተው ሆስፒታል ሄዱና ሽማግሌውን በአልጋው ላይ አነጋገሩት። ከዚያም እግሩ አይቈረጥ ብለው ፈረዱ። ምክንያታቸውም ይህ ነበር። ሰው የመወሰን ችሎታ ስለ ሌለው ፍላጎቱና እምነቱ ዋጋ አያጣም። የሚሰማው ድምፅ በሐኪሙ መጽሐፍ የበሽታ ምልክት ነው፤ ለእርሱ ግን ከወጣትነት እስከ ሽምግልና አብሮት የኖረ፣ ሌሊት ያጽናናው እምነቱ ነው። እግሩን ቈርጦ፣ ነጻነቱን ነጥቆ፣ እምነቱን ረግጦ በማያውቀው ቤት ለጥቂት ጊዜ ማኖር ሕይወቱን ማትረፍ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን ግን ማትረፍ አይደለም።

አንባቢ ሆይ! ሁለቱን ፍርዶች አነጻጽር። ዳኛው ያው ናቸው፤ ሕጉም ያው ነው፤ ሁለቱም በሽተኞች ችሎታ የላቸውም ተብለዋል፤ ሁለቱም እምቢ ብለዋል። አንዲቱ ተገድዳ ትመገብ ተባለ፤ አንደኛው ይተው ተባለ። ይህ መወላወል አይደለም። ወጣትዋን ከራስዋ የለያት በሽታው ነው፤ ቢለቃት ረጅም ዕድሜ ይጠብቃት ይሆናል ተብሎ ተስፋ ተደረገ። የሽማግሌው ሕመም ግን ከማንነቱ ጋር ተዋሕዶ ኖሮአል፤ ቢያስገድዱትም የሚመለስበት ሌላ ሰውነት የለውም። የሚያስፈልገው ደንብ ብቻ ሳይሆን ሰውዬውን ቀርቦ ማወቅም ነው።

ሁሉም ነገር ፍርድ ቤት ይሄዳልን?

በ1989 በሼፊልድ ከተማ የእግር ኳስ ሜዳ በደረሰው መተፋፈግ አንቶኒ ብላንድ የሚባል ወጣት አንጎሉ አየር አጥቶ ተጐዳ። ዓይኑ ይከፈታል፤ ይተነፍሳል፤ ነገር ግን ምንም አያውቅም፤ እንደማይመለስም ሐኪሞች ሁሉ ተስማሙ። በ1993 የሎርዶች ምክር ቤት በቱቦ የሚሰጠው ምግብና ውሃ ይቋረጥ ዘንድ ፈቀደ፤ ሕክምና ነውና፣ ለእርሱም የሚጠቅመው ነገር የለምና። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ሁሉ ወደ ዳኛ እየቀረበ ሲፈረድ ኖረ። በ2018 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉ ተጠብቆ፣ ሐኪሞቹና ቤተ ዘመዱ ለበሽተኛው በሚበጀው ነገር የተስማሙ እንደ ሆነ የግድ ዳኛ ዘንድ መሄድ አያስፈልግም አለ። ነገሩ የተቀራረበ ሲሆን ወይም ክርክር ሲኖር ግን ወደ ፍርድ ቤት መቅረብ ይገባዋል።

በዚህ ላይ ሰዎች ይለያያሉ። አንዳንዱ ሞትና ሕይወት የያዘ ነገር ያለ ዳኛ ዓይን ማለፍ የለበትም ይላል። ሌላው ደግሞ ቤተ ሰብን በኀዘኑ ላይ በየችሎቱ ማንከራተት ምሕረት የለሽነት ነው ይላል። ሁለቱም አሳብ ክብደት አለው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ሲወጣ ይህን ጥያቄ አልረሳውም። በ20ኛው አንቀጽ ማንም ሰው የሐኪም ምርመራን ወይም ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ለማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ለሕዝብ ጥቅም በሕግ የታዘዘ ክትባትን የመሰለ ነገር ግን ከዚህ ውጭ ነው። በዚያው አንቀጽ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ወይም በፍርድ የተከለከለ ሰው አሳዳሪ፣ ለሚያስተዳድረው ሰው ጤና የሚጠቅመውን ምርመራና ሕክምና ለማስደረግ ያለው ሥልጣን የተጠበቀ ነው ይላል። አንድን የአእምሮ ሕመምተኛ በፍርድ የተከለከለ ነው ለማለት የሚችለውም ፍርድ ቤት ነው፤ ያውም የሰውዬው ጤናና ጥቅም የሚያስገድድ ሲሆን ነው።

ይህን ከተመለከትነው ጋር ብናነጻጽር ሁለት ነገር እናያለን። በመጀመሪያ፤ እንግሊዞች በ1989 «ማን ይፈቅድለት?» ብለው ሲጨነቁ፣ የእኛ ሕግ ለተከለከለው ሰው አሳዳሪውን አስቀምጦ መልስ ከሰጠ 29 ዓመት ሆኖት ነበር። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ሁለተኛ ግን፤ አንቀጹ የሚመዝነው «ለጤናው የሚጠቅመውን» ነው፤ በሽተኛው ራሱ ምን ይወዳል፣ ምንስ ያምናል የሚለውን በዚያ ስፍራ አይጠይቅም። ደግሞም የአብዛኛው ሕመምተኛ ነገር ዳኛ ፊት ሳይቀርብ በቤተ ዘመድ ምክር የሚያልቅ ነው። በዚህ ውስጥ ትልቅ ፍቅር አለ። ነገር ግን ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ስለ እርሱ ሲመክር፣ በአልጋው ላይ ያለው ሰው ሳይጠየቅ የሚቀርበት ጊዜ ይኖራል።

አገራችን በ2010 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች፤ እንግሊዝም ከአንድ ዓመት በፊት አጽድቃዋለች። በ12ኛው አንቀጽ የአእምሮ ጉዳት ያለበት ሰው እንደ ማንኛውም ሰው በሕግ ፊት ችሎታ እንዳለው፣ መብቱ፣ ፈቃዱና ምርጫውም ሊከበርለት እንደሚገባ ተጽፎአል። ስለዚህ የሽማግሌው እግር ጥያቄ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። እኛም ያጸደቅነው ቃል የሚጠይቀን ነገር ነው።

የሕግ ተማሪው ከዚህ የሚወስደው የአንቀጽ ቍጥር ሊሆን ይችላል፤ የሕክምና ተማሪው ደግሞ የችሎታ መመዘኛውን። ሁላችንም ልንይዘው የሚገባን ግን ከሁለቱ ይቀድማል፤ ዋጋውም ገንዘብ አይደለም። በሽተኛው ቢረሳም፣ ቢቃዥም፣ ቢቀባዥርም አጠገቡ ተቀምጦ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱን መከተል ሁልጊዜ አይቻል ይሆናል፤ የምግቡን ነገር ያየንባት ወጣት ታሪክ ይህን ያሳያል። ሳይጠይቁ መወሰን ግን የበሽተኛውን እግር ቢያድንም ባያድንም ሰውዬውን ከሰው ቍጥር ያወጣዋል።